እንግዶቹ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች፦ ማንም ሳያዝዛቸው ተፈጥረው ብዙ ያስተማሩ

የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲባል ወዲያው የሚታየን የሥራ መሣሪያ ነው። በጃቫ፣ በፓይተንና በጃቫስክሪፕት የባንክ ሒሳብ ይንቀሳቀሳል፤ ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ ይሠራል። የተፈጠሩትም የፕሮግራመሩን ድካም ለማቅለል ነው። ከእነዚህ ጎን ግን ማንም ድርጅት ያላዘዛቸው፣ ማንም ተቀጥሮ የማይጽፍባቸው ቋንቋዎች አሉ። አንዱ በስምንት ምልክቶች ብቻ ይጻፋል። ሌላው በቀለም ይሣላል። አንዱ ተጽፎ ሳለ ለዓይን አይታይም። አንዱ ደግሞ በወጉ «እባክህ» ካላሉት አልታዘዝም ይላል።

እነዚህ ቋንቋዎች ባጭሩ «ኤሶላንግ» ይባላሉ። ፈጣሪዎቻቸው በአብዛኛው ተማሪዎችና ከሥራ ሰዓት ውጭ ለፍቅሩ ብለው ኮድ የሚጽፉ ሰዎች ናቸው። እርስ በርስ ሲያወሩ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ገበያ አያነሱም። «ከትዕዛዞቹ አንዱ ቢቀነስ ቋንቋው አሁንም ሁሉን ማስላት ይችላል ወይ?» እያሉ ነው የሚከራከሩት። ጥያቄው ዋዛ ይመስላል እንጂ ዋዛ አይደለም። በየቀኑ ከምንጠቀምበት ኮድ ውስጥ የቱ የግድ እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ልማድ ብቻ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

በኩሩ፦ ኢንተርካል

ትውውቁን ከበኩሩ እንጀምር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1972 ዶን ዉድስና ጄምስ ላየን የተባሉ ሁለት የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ኢንተርካል»ን ፈጠሩ። ጊዜው ፎርትራን፣ ኮቦልና አልጎል የነገሡበት ነበር። የሁለቱ ወጣቶች ሐሳብ ከነዚህ ከአንዳቸውም ጋር የማይመሳሰል ቋንቋ ማበጀት ነበርና የተለመደውን ሁሉ እያነሱ በሌላ ተኩት። ኢንተርካል ቁጥር የሚቀበለው አሃዞቹ አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ቃል ሲጻፉለት ነው፤ ውጤቱን ግን በሮማውያን ቁጥር ያወጣል። የመደመር ምልክት እንኳ የለውም። ሁለት ቁጥሮችን ለመደመር የፈለገ ሰው ቢቶችን ከሚያቀላቅሉና ከሚመርጡ ስሌቶች መደመርን ራሱ መገንባት አለበት።

ዝነኛ ያደረገው ግን የጨዋነት ሕጉ ነው። ፕሮግራመሩ ከትዕዛዞቹ በተወሰኑት ላይ «እባክህ» የሚለውን ቃል ማስቀደም ይጠበቅበታል። ቃሉ ከአምስት ትዕዛዝ በአንዱ እንኳ ካልተገኘ ኮምፓይለሩ ጨዋነት ጎደለህ ብሎ ፕሮግራሙን ይመልሳል። ከሦስት በአንዱ በላይ ከበዛ ደግሞ ልመናው በዛ ብሎ ይመልሳል። ይህ ሕግ ከመጀመሪያው ጀምሮ በኮምፓይለሩ ውስጥ የነበረ ቢሆንም በመመሪያው ላይ አልተጻፈም ነበር።

በ1990 ኤሪክ ሬይመንድ ኢንተርካልን በሲ ቋንቋ እንደገና ጽፎ አነቃው። «ከዚያ ና» የሚል ትርጉም ያለው ትዕዛዝም ያኔ ተጨመረበት። የትዕዛዙን ቁም ነገር ለመረዳት ጥቂት ወደኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1968 ባሳተመው ዝነኛ ደብዳቤ «ወደዚያ ሂድ» የሚለው ትዕዛዝ ፕሮግራምን ለንባብ አስቸጋሪ እንደሚያደርግ ተከራክሮ ነበር። «ከዚያ ና» ይህን ችግር እስከ መጨረሻው ይወስደዋል። «ወደዚያ ሂድ» ቢያንስ መዝለያው ቦታ ላይ ተጽፎ ይታያል። «ከዚያ ና» ሲሆን ግን መስመሩ ላይ አንዳች ምልክት የለም፤ ሥራው በድንገት ከሌላ ቦታ በተጻፈ ትዕዛዝ ይነጠቃል። ይህን ለአንድ ቀን የሞከረ ሰው የፕሮግራም ፍሰት ግልጽ መሆን ለምን እንደሚያስፈልግ ዳግመኛ ማስረጃ አይጠይቅም።

ከፈጣሪዎቹ አንዱ ዶን ዉድስ ኋላ ከዊል ክራውዘር የጀመረውን ተቀብሎ «አድቬንቸር» የተባለውን በጽሑፍ የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጨዋታ አሳድጓል። ጨዋታውም ለዘርፉ ሁሉ መነሻ ሆነ።

በ240 ባይት የቆመ ቋንቋ

ለዚህ ዓለም 1993 ልዩ ዓመት ነበር። ሆላንዳዊው ዋውተር ፋን ኦርትመርሰን ለአሚጋ ኮምፒውተር «ፎልስ» የተባለ ቋንቋ ሠራ፤ ኮምፓይለሩ 1,024 ባይት ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ይህን ያየው ስዊዘርላንዳዊው ኡርባን ሙለር ከዚህ ማነስ ይቻላል ብሎ ተነሣ። የፈጠረው ቋንቋ ስም ለአደባባይ የማይመች ስለሆነ ብዙዎች በምሕጻር «ቢኤፍ» ይሉታል። ኮምፓይለሩ በመጀመሪያ 296 ባይት ነበር፤ ቆይቶ ወደ 240 ወረደ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዛሬው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ 240 ባይት ማለት ሰማንያ ፊደል ማለት ነው። ከዚህ አንቀጽ ሁለት መስመር እንኳ አይሞላም።

ቢኤፍ ያለው ንብረት በተርታ የተደረደሩ 30,000 ሕዋሶች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ቁጥር ይይዛሉ፤ ሁሉም ከዜሮ ይነሣሉ። አንድ ጠቋሚ ከሕዋሶቹ በአንዱ ላይ ይቆማል። ትዕዛዞቹ ስምንት ናቸው። ሁለቱ ጠቋሚውን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያንቀሳቅሳሉ። ሁለቱ በሕዋሱ ላይ አንድ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ነጥብ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ቁጥር ፊደል አድርጎ ያወጣል፤ ኮማ ደግሞ አንድ ፊደል ይቀበላል። ሁለቱ ቅንፎች ሉፕ ይሠራሉ፦ ጠቋሚው ያለበት ሕዋስ ዜሮ እስኪሆን ድረስ በመካከላቸው ያለው ይደጋገማል። ሌላ ምንም የለም።

አሁን አንድ ፕሮግራም ቀረብ ብለን እንይ፦

++++++++[>++++++++<-]>+.

የመጀመሪያዎቹ ስምንት የመደመር ምልክቶች አንደኛውን ሕዋስ ስምንት ያደርጉታል። ከዚያ ሉፑ ይገባል። ጠቋሚው ወደ ቀኝ ይሄድና ሁለተኛው ሕዋስ ላይ ስምንት ይጨምራል፤ ወደ ግራ ይመለስና ከአንደኛው አንድ ይቀንሳል። አንደኛው ሕዋስ ስምንት ስለነበር ሉፑ ስምንት ጊዜ ይዞራል። ሲያበቃ አንደኛው ሕዋስ ባዶ ነው፤ በሁለተኛው 64 ተጠራቅሟል። ጠቋሚው ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፣ አንድ ይጨምራል፣ 65 ይሆናል። ነጥቡ ይህን ሲያወጣው ከላቲን ፊደላት የመጀመሪያው በትልቁ ተጽፎ ይታያል፤ የእሱ ኮድ 65 ነውና።

እዚህ ላይ ምን እንደተፈጸመ ልብ እንበል። ቋንቋው የማባዛት ትዕዛዝ የለውም፤ እኛ ግን ስምንትን በስምንት አባዝተናል። አንድ በመጨመር፣ አንድ በመቀነስና በመደጋገም ብቻ ማባዛት ተወለደ። በዚሁ መንገድ ማካፈልም፣ መደርደርም፣ ጨዋታ መሥራትም ይቻላል። አላን ቱሪንግ በ1936 ባወጣው ጥናት አንድ ተራ ማሽን ማስታወሻው እስካልተገደበ ድረስ ሊሰላ የሚችለውን ሁሉ ማስላት እንደሚችል አሳይቷል። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ኮራዶ ቦህም ደግሞ በ1964 ለቢኤፍ እጅግ የቀረበ ጥቂት ምልክት ያለው ቋንቋ ለዚህ እንደሚበቃ በሒሳብ አረጋገጠ። ቢኤፍም የሕዋሶቹ ቁጥር ካልተገደበ ከዚሁ ወገን ነው፤ ፓይተን የሚያሰላውን ሁሉ ያሰላል። የሚበልጠው በድካሙ ብቻ ነው። እኛ በየቀኑ የምንገለገልባቸው ትላልቅ ቋንቋዎች የሚሰጡን ጸጋ አዲስ ችሎታ ሳይሆን ለሰው ልጅ አእምሮ መመቸት መሆኑን እዚህ ላይ በዓይናችን እናየዋለን።

የማይታይ፣ የሚሣል፣ የሚተወን

ሌሎቹ ቋንቋዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ፦ ፕሮግራም የግድ ፕሮግራም መምሰል አለበት ወይ? ኤድዊን ብራዲና ክሪስ ሞሪስ በእንግሊዝ አገር በደርሃም ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ በ2003 «ዋይትስፔስ»ን አወጡ። ይህ ቋንቋ ፊደልና ቁጥርን ሁሉ እንደሌሉ ይቆጥራል። የሚያነበው በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ፣ ታብንና አዲስ መስመርን ብቻ ነው። ባዶ ቦታ ዜሮን፣ ታብ አንድን ይወክላል፤ ቁጥር በእነዚህ ሁለቱ ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ ተራ ደብዳቤ ቃላት መካከል ሙሉ ፕሮግራም ሊቀመጥ ይችላል። ብራዲ ኋላ በቋንቋ ንድፈ ሐሳብ ተመራማሪዎች ዘንድ የሚከበረውን «ኢድሪስ» የተባለ ቋንቋ ፈጥሯል።

አውስትራሊያዊው ዴቪድ ሞርጋን ማር «ፒየት» የተባለ ቋንቋ ሠርቶ በሠዓሊው በፒየት ሞንድሪያን ስም ሰየመው። የፒየት ፕሮግራም ሥዕል ነው። ስድስት የቀለም ዓይነቶች በሦስት የድምቀት ደረጃ ሲቀርቡ አሥራ ስምንት ይሆናሉ፤ ነጭና ጥቁር ይጨመሩባቸዋል። ትዕዛዙ ያለው በቀለሙ ውስጥ አይደለም፤ ከአንዱ ቀለም ወደ ጎረቤቱ ሲሻገሩ በሚፈጠረው ለውጥ ውስጥ ነው። የቀለም ዓይነቱ ስንት እርምጃ ተለወጠ? ድምቀቱስ ስንት ደረጃ ተለወጠ? ሁለቱ መልሶች ተጣምረው መደመር፣ ማባዛት ወይም ማተም የሚል ትዕዛዝ ይሆናሉ። ሠዓሊው ያለ ስሌት፣ አስሊው ያለ ሥዕል ፕሮግራሙን አይጨርሰውም።

ይኸው ሰው «ሼፍ» የተባለም ቋንቋ አለው። በሼፍ የተጻፈ ፕሮግራም የምግብ አሠራር መመሪያ ነው። የወጡ ግብዓቶች ቫሪያብሎች ናቸው፤ ደረቁ ግብዓት ቁጥር፣ ፈሳሹ ፊደል ይሆናል፤ ማቡኪያው ሳሕን የማሽኑ ስታክ ነው። በ2001 ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ካርል ሃሰልስትረምና ዮን ኦስሉንድ፣ ፕሮግራሙ የሼክስፒር ተውኔት የሚመስል ቋንቋ ፈጠሩ። ቫሪያብሎቹ ከሼክስፒር ተውኔቶች የተወሰዱ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ቁጥር የሚነገረው በሙገሳና በስድብ ነው፦ መልካም ስም አንድ ይቆጠራል፣ ክፉ ስም ከዜሮ በታች አንድ፤ ስሙን የሚያጅብ እያንዳንዱ ቅጽል ቁጥሩን እጥፍ ያደርገዋል። «አበባ» አንድ ከሆነ «ውብ አበባ» ሁለት፣ «ውብና ሰላማዊ አበባ» አራት ነው። በሰምና ወርቅ ላደገ አንባቢ ይህ ባዕድ አይሆንበትም፤ ተመልካቹ ተውኔቱን ይሰማል፣ ማሽኑ ወርቁን ያወጣል።

እስከ ጥግ የተገፋ ችግር

በ1998 ቤን ኦልምስቴድ ለመጻፍ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ቋንቋ ለመፍጠር ተነሥቶ «ማልቦልጅ»ን አወጣ። ስሙን ያገኘው ከዳንቴ ሲኦል ስምንተኛ ክበብ ነው። ማሽኑ በሦስት አሃዝ ብቻ ይቆጥራል። እያንዳንዱ ትዕዛዝ አንዴ ከተፈጸመ በኋላ ራሱን ወደ ሌላ ምስጢራዊ ምልክት ይለውጣል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ያው መስመር ያው ትዕዛዝ አይደለም። የመጀመሪያው የማልቦልጅ ፕሮግራም የታየው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2000 ነበር። ያንንም ሰው አልጻፈውም፤ አንድሩ ኩክ የጻፈው የፍለጋ ፕሮግራም ፈልጎ አገኘው። ከዚያ ወዲያ ሉ ሼፈር ቋንቋውን እንደ ምስጢር ጽሑፍ ቆጥሮ ድክመቶቹን አጠና። በ2005 ጃፓናዊው ሂሳሺ ኢዛዋ ሉፕ ያለው እውነተኛ ፕሮግራም ጻፈበት። ለጨዋታ የተሠራ ቋንቋ ምስጢር የመፍታት ትምህርት ቤት ሆነ ማለት ነው።

ፊደላችንና ኮድ

ኤሶላንግ እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ጉዳይም ያነሣል። ገበያውን የያዙት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ትዕዛዛቸው እንግሊዝኛ ነው። ሊባኖሳዊው ራምዚ ናስር በ2010ዎቹ መጀመሪያ «ቀልብ» የተባለ፣ ሙሉ በሙሉ በዓረብኛ የሚጻፍ ቋንቋ ሠርቶ የሶፍትዌር መሣሪያዎቻችን ምን ያህል ለላቲን ፊደል ብቻ እንደተሰፉ በተግባር አሳየ። በ2019 ደግሞ ሊንግዶንግ ኋንግ የተባለ የካርኔጊ ሜለን ተማሪ በጥንታዊ ቻይንኛ የሚጻፍ «ወንያን»ን አቀረበ።

የኛስ ፊደል? የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ፓይተንም ከ2008 ወዲህ የቫሪያብል ስምን በፊደላችን ይቀበላል፤ «ዋጋ = 50» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የግዕዙን ፶ በአሃዙ ቦታ ማስገባት ግን አይቻልም፤ ትዕዛዞቹም እንግሊዝኛ ሆነው ይቀራሉ።

የቢኤፍን ስምንት ምልክቶች በስምንት የአማርኛ ፊደላት መተካት ቀላል ነው። ነገር ግን በዚህ ዓለም ያሉ ሰዎች ልብስ ብቻ የለወጠ ቢኤፍን እንደ አዲስ ቋንቋ አይቆጥሩትም፤ ልክም ናቸው። እውነተኛው ፈጠራ ከፊደሉ ጠባይ መነሣት አለበት፤ የፊደላችን ጠባይ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ከሀ እስከ ፐ ሠላሳ ሦስት ረድፍ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ዓምድ አለው። ፒየት የቀለም ዓይነትንና ድምቀትን እንዳጣመረ፣ የረድፍና የዓምድ ለውጥን አጣምሮ ትዕዛዝ ማድረግ ይቻላል። ከ«ለ» ወደ «ሉ» አንድ የዓምድ እርምጃ ነው፤ ከ«ለ» ወደ «ሐ» አንድ የረድፍ እርምጃ። በዚህ ሕግ የተጻፈ ፕሮግራም ቤት የሚመታ ግጥም ሆኖ ሊነበብ፣ ማሽን ላይ ሲጫንም ሊሠራ ይችላል።

ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ወጣቶች፣ ይህን ሥራ ለሌላ አትተዉት። በመጀመሪያ በምታውቁት ቋንቋ ለቢኤፍ ኢንተርፕሪተር ጻፉለት፤ ስምንት ትዕዛዝ ነውና ቅዳሜና እሑድ ይበቃችኋል። ከላይ ያለውን መስመር ስጡትና 65ን ፊደል አድርጎ ሲያወጣ እዩ። ከዚያ የፊደል ገበታውን ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡና የራሳችሁን ሕግ አውጡ። ለፈተና የማይጠየቅ፣ ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው፤ ኮምፒውተርን ከሥሩ የሚያስረዳችሁ ግን እሱ ነው።