የብስክሌት የኋላ ጎማ እምብርት በቤት ውስጥ እንዴት ይታደሳል?

ዛሬ ስለ ብስክሌት እንነጋገራለን። ስለ ብስክሌት ሁሉ ግን አይደለም፤ ስለ ኋላ ጎማው እምብርት ብቻ ነው።

በደብረ ብርሃን አንድ ሰው አውቃለሁ። ከከተማው ዳር ወተት በብስክሌት ጭኖ ለየቤቱ ያደርሳል። አንድ ክረምት የኋላ ጎማው «ቂጭ፣ ቂጭ» ማለት ጀመረ። «ዝናቡ ሲያባራ ይተዋል» ብሎ ዝም አለው። አልተወም። በጥቅምት ሲፈታው ውስጡ ተበልቶ አገኘው። እምብርቱን በሙሉ መለወጥ ግድ ሆነበት። አዲሱን እስኪያገኝ ድረስ ወተቱን በሸክም አመላለሰ። በጊዜው ቢከፍተው ኖሮ የሚያስፈልገው ጥቂት ግራሶና የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነበር።

ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ? ከጎማው መሐል ሽቦዎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ቱቦ መሰል ብረት አለ። እምብርት ያልነው እሱን ነው። በውስጡ ፔርኖ ያልፋል። ፔርኖው አይዞርም፤ ጎማው ነው በዙሪያው የሚዞረው። ብረትና ብረት እንዳይፋጩ በግራና በቀኝ ትናንሽ የብረት ብዮች ተደርድረዋል። የአተር ፍሬ ያህላሉ። ብዮቹን ከውጭ ደግፎ የሚይዛቸው ሾጣጣ ዳዶ ነው።

ይህ ዘዴ የቆየ ነው። በፓሪስ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ ዡል ሱሪሬ ብይ ያለው የብስክሌት ኩሽኔታ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። ዘዴው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ጠላቶቹ ውሃና አቧራ ናቸው። በእኛ አገር ሁለቱም ሞልተዋል። በክረምት ጭቃና ጎርፍ፣ በበጋ አቧራ አለ። ብርዱም አለ፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በውርጭ ጊዜ ያረጀ ግራሶ እንደ ሰም ይደርቃል።

እንግዲህ መጀመሪያ እንመርምር። የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሡና ጠርዙን ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት። ከተንገጫገጨ ላልቷል። ቀስ አድርጋችሁ ስታዞሩት እንደ ወፍጮ እህል ከጎረበጠ ደግሞ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል። ሳይላላ ሲዞር ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሽቦዎቹ ነው። ያ ሌላ ሥራ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡ የሚይዝ ፍሬን ካለው እምብርቱን አትክፈቱ፤ ውስጡ የተለየ ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ብስክሌቶችም ኩሽኔታው የታሸገ ነው፤ እሱም በዚህ መንገድ አይሠራም።

ብስክሌቱን ገልብጡና በኮርቻውና በመሪው አቁሙት። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ለትልልቆቹ ዳዶዎች ብዙ ጊዜ 15 ቁጥር ቁልፍ ይሆናል። ለሾጣጣው ዳዶ ስስ ቁልፍ ያስፈልጋል። ላምባ፣ ግራሶ፣ ጨርቅ፣ ቆርቆሮ አዘጋጁ። እርሳስና ወረቀትም አትርሱ።

ዳዶዎቹን ፈትታችሁ፣ ካቴናውን ከጥርሱ አውርዳችሁ ጎማውን አውጡ። ከዚያ ካቴና በሌለበት በኩል ብቻ ፍቱ። በካቴናው በኩል ያለውን ሾጣጣ ዳዶ አትንኩት፤ ከፔርኖው ጋር እንዳለ ይውጣ። የፈታችሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ጻፉ። «1 መቆለፊያ ዳዶ፣ 2 ሮንዴላ፣ 3 ሾጣጣ ዳዶ፣ 4 ብይ» እያላችሁ ማለት ነው። ስትገጥሙ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ታነቡታላችሁ።

ፔርኖውን በጨርቁ ላይ ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ብዮቹ ይረግፋሉ። ቁጠሯቸው! አብዛኛውን ጊዜ በያንዳንዱ በኩል 9፣ በድምሩ 18 ናቸው። ቁጥሩን ጻፉ። አንዲት ብይ ሣር ውስጥ ከገባች ማግኘቱ ጭንቅ ነው።

ሁሉንም በላምባ እጠቡና አድርቁ። እሳት አጠገብ እንዳትሠሩ። ቤንዚን አትጠቀሙ። ከዚያ ሾጣጣውን ዳዶ ፀሐይ ላይ ተመልከቱት። ብዮቹ የሄዱበት መስመር ወጥና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደኅና ነው። የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ ጉድጓድ ካለው ለውጡት። ከብዮቹ አንዷ እንኳ ብትሰነጠቅ ሁሉንም ለውጡ። አሮጌዎቹ በትንሹም ቢሆን አልቀዋል፤ አዲሷ ስለምትበልጣቸው ሸክሙ በእሷ ላይ ያርፋል።

ብዮቹ የሚቀመጡበትን ጎድጓዳ ግራሶ ቀቡ። የሞተር ዘይት ቶሎ ይፈስሳል። ሞራ ወይም ቅቤም አይሆንም። ብዮቹን አንድ በአንድ ለማስገባት የእንጨት ስንጥር ጫፍ ግራሶ ቀቡ፤ ብይዋ ተለጥፋ ትሄዳለች። በጥርሱ በኩል ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ይህ በጣም ይረዳል።

አሁን ከባዱ ሥራ መጣ፤ ይኸውም ማጥበቁ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሠራ «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብዬ በኃይል አጠበቅሁት። ጎማው አይላላም፣ ኮራሁበት። ወር ሳይሞላ ሾጣጣው ዳዶ ተቦረቦረ። በኃይሌ አበላሸሁት ማለት ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ሾጣጣውን ዳዶ ብዮቹን እስኪነካ በጣት አዙሩት። ከዚያ ትንሽ መልሱት። በስስ ቁልፍ ይዛችሁ መቆለፊያውን ዳዶ አጥብቁበት። መቆለፊያው ሲጠብቅ ሾጣጣውን መግፋቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያለ ነው። አትናደዱ። የፔርኖውን ሁለት ጫፎች በእጃችሁ ይዛችሁ ጎማውን አንጠልጥሉት። ነቅንቁት፤ መንገጫገጭ የለበትም። ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ደግሞ ከበድ ያለው ወገን በራሱ ወደ ታች መውረድ አለበት። ብዙ ጊዜ ከባዱ ወገን ነፋስ የሚሞላባት ቫልቮላ ያለችበት ነው። ወርዶ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ከቆመ ልኩ ነው። በመካከል ቀጥ ካለ ጠብቋል፤ ትንሽ አላሉት።

ጎማውን መልሱ፤ መሐል ለመሐል ይሁን። ካቴናው በጣት ሲነካ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይርገብ። ዳዶዎቹን በደንብ አጥብቁ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ነድታችሁ ሞክሩት። በተለይ የአንኮበር ሰዎች! ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የላላ ጎማ ሲዋዥቅ ፍሬኑም እንደ ልብ አይይዝም። ከሙከራው በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ንኳቸው።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ መክፈት ይበቃል። ጎማው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ግን መስከረምን አትጠብቁ። በዚያው ወረቀት ላይ የሠራችሁበትን ቀንና የብዮቹን ቁጥር ጻፉና ከቁልፎቹ ጋር አስቀምጡት።