ሞተር ሲለወጥ የጭስ ሰብሳቢው አሠራር፤ በገዳሪፍና በጠረፉ ለሚገኙ የሰሊጥ አራሾች

ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። የባቡር ሐዲድ ከከሰላ ተቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1928 ደረሰላት፤ በ1940ዎቹ አጋማሽም የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት ስንቅ የሚሆን ማሽላ ለማግኘት ሲል በገደምበሊያ ጥቁር አፈር ላይ በትራክተር ማረስን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በትራክተር የሚታረሰው መሬት እየሰፋ ሄዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል ያሉት የሑመራና የመተማ ሜዳዎችም በዚሁ ዐይነት እርሻ ታወቁ። እንዲህ ያለው እርሻ የሚኖረው በሞተር ነው። ሞተሩ የቆመበት ገበሬ ዝናብ ቢዘንብለትም አያርስም፤ ሰሊጡ ቢያፈራለትም ወደ ገበያ አያደርስም።

ሞተር ግን ያረጃል። ለብዙ ዘመን በሱዳን መንገድ ሰውና እህል ሲያመላልሱ የኖሩት እንደ በድፎርድ ያሉ የጭነት መኪናዎች ሻሲያቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ከሞተራቸው በኋላ ይኖራሉ። ባለቤቱም ከሌላ መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር ገዝቶ ያስገባበታል። በሱዳን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በካርቱም በኩል ይመጣ የነበረው መለዋወጫ ስለ ተሰናከለ፣ ያለውን ጠግኖ መጠቀም የግድ ሆኗል። በትራክተር ላይ ይህ ሥራ እጅግ ይከብዳል፤ የብዙዎቹ ትራክተሮች ሞተር ራሱ የአካላቸው አከርካሪ ስለ ሆነ እንደ መኪና ሞተር በቀላሉ በሌላ አይተካም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ሥራው የሚነገረው ይልቁንም ለጭነት መኪና ነው።

ሞተር በሚለወጥበት ጊዜ ባለቤቱም መካኒኩም ስለ ሞተሩ እግር፣ ስለ ካምቢዮውና ስለ ራዲያተሩ አብዝተው ያስባሉ። ከየሲሊንደሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ ወደ አንድ ቱቦ የሚያደርሰው ጭስ ሰብሳቢ ግን እስከ መጨረሻው ይዘነጋል። የፋብሪካው ሰብሳቢ ለቀድሞው መኪና የተሠራ በመሆኑ በአዲሱ ቦታው ከመሪው ዘንግ ወይም ከሻሲው ጋር ይጋጫል፤ ልኩ የሆነም በሱቅ አይገኝም። በዚህ ጊዜ ከውሃ ቧንቧ ቁርጥራጭ በችኮላ የሚበየደው ሰብሳቢ ሦስት ጉዳት ያመጣል፤ የሞተሩን ቫልቭ ያቃጥላል፣ ሹፌሩን በጭስ ይመርዛል፣ እርሻውንም ለእሳት ይዳርጋል።

ቫልቩ ስለ ምን ይቃጠላል? ጭስ ከሞተር የሚወጣው እንደ ውሃ በአንድነት ፈስሶ ሳይሆን፣ እንደ ልብ ትርታ እየተመታ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአብዛኛው 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሚል ተራ ይተኩሳል። ተከታትለው የሚተኩሱት ሲሊንደሮች ወዲያው በአንድ ጠባብ ቱቦ ቢገናኙ የአንዱ ጭስ ገና ወጥቶ ያላለቀውን የሌላውን ይገፋል። ተገፍቶ የቀረው ትኩስ ጭስም ሞተሩን ያግላል፤ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ናፍጣውን ያባክናል። መድኃኒቱ 1ኛውን ከ4ኛው፣ 2ኛውን ከ3ኛው ጋር አጣምሮ በኋላ ሁለቱን ጥንዶች ማገናኘት ነው። በ1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ተራ ለሚተኩስ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ደግሞ የፊተኞቹን ሦስት ለብቻ፣ የኋለኞቹን ሦስት ለብቻ ማድረግ ይበቃል።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ በእግሩ ላይ ተቀምጦ ይታሰር፤ መሪውም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ይዙር። ሞተር በጎማ እግሩ ላይ ስለሚወዛወዝ በሰብሳቢውና በአካባቢው ብረት መካከል ቢያንስ የሁለት ጣት ክፍተት ሊኖር ይገባል። ቀጥሎ በቴስታታው ላይ የሚታሰረው ሳህን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት በጓርኒሲዮኑ ልክ ተሥሎ ይቆረጥ፤ ቀዳዳውም ከቴስታታው ቀዳዳ አይጥበብ።

ለቱቦው ምንም ያልተለበጠ ጥቁር ብረት ይመረጥ። በዚንክ የተለበጠ የውሃ ቧንቧ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣበታልና መወገድ አለበት። የቱቦው መንገድ አስቀድሞ በወፍራም ሽቦ ይለካ። ማጠፊያ መሣሪያ የሌለው ሰው ቱቦውን በደረቅ አሸዋ ሞልቶ ሁለቱን አፍ ይወትፍ፤ የሚታጠፈውንም ቦታ በእሳት አግሎ ቀስ በቀስ ያጥፍ። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ግን እንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ሊያስወነጭፈው ይችላልና አስቀድሞ በእሳት ይድረቅ።

ብየዳው በሁለት ጊዜ ይፈጸም። ባትሪው ከተፈታ በኋላ ቱቦዎቹ በሞተሩ ላይ እንዳሉ በነጥብ ብቻ ይያዙ። ከዚያም ወርደው በወፍራም ብረት ወይም ከአገልግሎት በወጣ ቴስታታ ላይ በቡሎን ጠብቀው ይታሰሩና ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በጥቂት በጥቂቱ ይበየዱ፤ እስኪበርዱም ድረስ አይፈቱ። ይህ ካልተደረገ ሳህኑ ይጣመማል፤ የተጣመመ ሳህንም ጭስ ያሾልካል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ብየዳው ካለቀ በኋላ ሳህኑ በቀዳዳዎቹ መካከል ቢቆረጥ ብየዳው አይሰነጠቅም። ሞተሩ ቱርቦ ያለው እንደ ሆነ የብየዳ ፍንጣሪ በቱቦው ውስጥ አይቅር፤ አንዲት ቅንጣት ተላቃ ብትሄድ የቱርቦውን ክንፍ ትሰብራለችና። በመጨረሻ ሰብሳቢው በሳሙና ውሃና በነፋስ ይፈተን፤ ሞተሩ መጀመሪያ ሠርቶ ከበረደ በኋላም ቡሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ። የሚያሾልክ ቱቦ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የሌለው ገዳይ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የእሳት ነገር ነው። ሰሊጥ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶና ታስሮ በየማሳው ሲቆም ዝናቡ አልፏል፤ ሣሩም ደርቋል። የሰሊጥ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ከባድ ጭነት የሚጎትት የናፍጣ ሞተር ጭስ ደግሞ ከ500 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ደረቅ ሣር ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል። ስለዚህ ወደ ማሳ የሚገባ መኪና ቱቦው ወደ ላይ ይቁም እንጂ በሻሲው ሥር አይጋደም። በነዳጅና በፍሬን ቱቦዎች አጠገብ ሲያልፍ በመካከል ነፋስ የሚያሳልፍ የላሜራ ጋሻ ይደረግለት። በቱቦው ላይ ብልጭታ የሚያስቀር መሣሪያ ይግባ፤ ይህም ጭሱን እያሽከረከረ የጋለውን የከሰል ቅንጣት ወደ ዳር የሚጥል ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት መለኪያ ከ0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚበልጠው ቅንጣት እንዲያዝ ይጠይቃል። መሣሪያው ጥቀርሻው በየጊዜው ካልተጠረገለት ራሱ ጭሱን ያፍናል። በትራክተርም ሆነ በመኪና በሰብሳቢው ላይ የሚከማቸው ገለባ በየቀኑ ይጠረግ፤ የጋለ መኪናም በገለባ ላይ አይቁም።

እንግዲህ ባለ እርሻው ለሞተር መለወጫ ገንዘብ ሲመድብ ለጭስ ሰብሳቢውም አብሮ ይመድብ፤ በያጁም ሥራውን በሰዓት ብዛት ሳይሆን በጥራቱ ይመዝን። ባለ ሥልጣኖችም በመኸር ጊዜ ወደ ማሳ የሚገቡትን መኪናዎች የጭስ ቱቦ ቢያስመረምሩ፣ በታሰረው ሰሊጥ ዙሪያም የእሳት መከላከያ መሬት እንዲታረስ ቢያዝዙ የብዙ ሰው ድካም ይድናል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው። የአንድ ሳህን ብረትና የጥቂት ሜትር ቱቦ ዋጋ፣ ባለ እርሻው ብድሩን፣ የቀን ሠራተኛውም ደመወዙን ከሚጠብቅበት ከዓመቱ ሰሊጥ ጋር አይወዳደርም።