ህድሞ፤ ሰውና ከብት የሚያድሩበት የድንጋይ ቤት

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ህድሞ ነው። ህድሞ በትግራይና በኤርትራ ደጋማ አገር ገበሬው ከጥንት ጀምሮ የሠራው የድንጋይ ቤት ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ የሚከደነውም በአፈር ነው።

ግንበኛው ድንጋዩን በጭቃ እያያያዘ ወፍራም ግድግዳ ያቆማል። ግድግዳው ለምን ወፈረ? አንደኛ፤ ከባዱን ጣሪያ እንዲሸከም ነው። ሁለተኛ፤ ድንጋይ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ቤቱ ቀን አያቃጥልም፤ ሌሊትም ቶሎ አይበርድም።

በቤቱ ፊት ለፊት ገበላ የሚባል በምሰሶ የቆመ ክፍል አለ። በብዙ ቤት ከብቱ የሚያድረው እዚያ ነው። «በረቱ ለምን ከቤት ጋር ተያያዘ?» ትሉ ይሆናል። ገበሬ ያለ በሬ በምን ያርሳል? ጅብም ሆነ ሌባ ሲመጣ ባለቤቱ ቶሎ ይሰማል። የከብቱም ትንፋሽ በደጋው ብርድ ቤቱን ያሞቃል።

እስቲ አሁን ጣሪያውን እንመልከት። በምሰሶዎቹ ላይ አግዳሚ እንጨት ይጋደማል። በዚያ ላይ ቀጫጭን እንጨት ይረበረባል፤ ከሁሉም በላይ አፈር ይደለደላል። ሒሳብ እንሥራ። ርዝመቱ 1 ሜትር፥ ወርዱም 1 ሜትር በሆነ ቦታ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢደለደል፥ ክብደቱ 3 ኩንታል ያህል ነው። ዝናብ ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል። ህድሞ ብዙ ጽድና ወይራ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ዛፉ ሲመናመን ብዙ ሰው ወደ ቆርቆሮ ዞረ። ቆርቆሮ ቀላል ነው፤ ትንሽ እንጨትም ይበቃዋል። ግን ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይበርዳል።

ታዲያ ህድሞ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ይመርምር። ስንጥቁን ይድፈን፤ አሸንዳውን ይጥረግ። ባፈሰሰ ቁጥር አፈር በአፈር ላይ አይጨምር፤ አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን ይደልድል። የጎበጠ አግዳሚ ካየ፥ ዛሬ ነገ ሳይል ምሰሶ ያስደግፍ። ከሥሩ የሚተኙት ልጆች ናቸው እኮ!

የከብቱንም ነገር አንርሳ። ከብት ባለበት ዝንብና መዥገር አይጠፋም፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም አለ። ስለዚህ በሰውና በከብት መካከል ግድግዳ ይኑር፤ ለከብቱም የራሱ በር ይውጣለት። በረቱ ከቤት ይራቅ ማለታችን አይደለም። ጅቡ ዛሬም አለ። ከግድግዳው ማዶ ሆኖም የከብት ኮቴ ይሰማል።

ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።