የጥምቀቱን ፎቶ በምን እናቀናብረው?

ጥር 11 ቀን፣ እኩለ ቀን ገደማ፣ ታቦቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ ደብሩ ሲመለስ ማንኩሳ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ከባድ ፈተና ይገጥመዋል። ምእመኑ ነጭ በነጭ ለብሷል፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ካህናቱ ደግሞ በጥላ ሥር ናቸው። ነጭ ኩታ ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋል። ጠይም ፊት የሚመልሰው ጥቂቱን ሲሆን፣ ጥላው ያችኑ ጥቂት ደግሞ ይቀንስበታል። በኩታውና በፊቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት በቀላሉ 32 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ዐይናችን ሁለቱንም ለይቶ ያያል። ካሜራ ግን ለኩታው ሲያደላ ፊቱን ያጠቁረዋል፤ ለፊቱ ሲያደላ የኩታው ሽመናና ጥለቱ በነጩ ውስጥ ይጠፋል።

ፎቶ ማቀናበር ከሚባለው ሥራ ትልቁ ይህን ማስታረቅ ነው። ለትርፍ ጊዜ ፎቶ የሚያነሳ ሰው «ታብሌት ልግዛ ወይስ ላፕቶፕ?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ፕሮሰሰር ፍጥነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ፎቶው በምን ዓይነት ፋይል እንደተቀመጠ ነው እላለሁ።

ካሜራ ብርሃንን በቁጥር ይመዘግባል። ፎቶ አንሺዎች ሮው የሚሉት ጥሬ ፋይል በብዙ ካሜራዎች 14 ቢት ነው፤ ይህም ከጨለማው እስከ መጨረሻው ነጭ 16,384 ደረጃዎች ማለት ነው። ጄፔግ 8 ቢት ስለሆነ ያሉት ደረጃዎች 256 ብቻ ናቸው። በጥሬው ፋይል ብርሃኑ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ደረጃዎቹም በግማሽ ይቀንሳሉ፤ የላይኛው እርከን 8,192፣ ቀጣዩ 4,096፣ ከዚያ 2,048 እያለ ይወርዳል። ኩታው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱ 32 እጥፍ ቢጨልም፣ ፊቱ ላረፈበት እርከን አሁንም 256 ደረጃዎች ይተርፉለታል። ጄፔግ ጨለማውን አካባቢ በሒሳብ ቢደጉምም ለዚያው እርከን የሚያስቀርለት ወደ 16 ገደማ ነው። ፊቱን እናብራ ስንል እነዚያ 16 ደረጃዎች ይለጠጣሉ፤ ጉንጭና ግንባር ላይ ለስላሳ የነበረው የቀለም ሽግግር ይቆራረጣል። ከ256ቱ የተለጠጠው ግን መለጠጡ አይታወቅበትም። የጠይም ሰው ፊት በፎቶ ላይ አመድ የመሰለበት ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ቢያውቀው ደስ ይለኛል፤ ጉድለቱ የቆዳው ቀለም አይደለምና።

በስልክ ለሚያነሳ ሰው ነገሩ ይቀልለታል። የዛሬ ስልኮች አንድ ጊዜ ስንጫናቸው ብዙ ምስሎችን በተከታታይ ያነሱና አዋሕደው አንድ ጄፔግ ያወጣሉ። ማስታረቁ እዚያው አልቋል፤ ቀሪው መቁረጥ፣ ማቅናትና ጥቂት ማብራት ነው። ለዚህ ታብሌት ከበቂ በላይ ነው፤ ስናፕሲድ የተባለው ማቀናበሪያም በነፃ ይገኛል። ጥንቃቄ የሚያሻው ፎቶውን ከስልክ ወደ ታብሌት ስናሻግር ነው። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መጠኑ ይቀነሳል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል።

ከፍጥነት አንጻር በሁለቱ መካከል የነበረው ግድግዳ ከፈረሰ ቆይቷል። አፕል ኤም1 የተባለውን ቺፕ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ማክቡክ ኤር ላይ አስገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ያንኑ ቺፕ አይፓድ ፕሮ ላይ ገጠመው። አንድ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ16 ቢት ሲከፈት ሚሞሪ ላይ የሚይዘው 144 ሜጋባይት ያህል ነው። ይህን ደህና ታብሌትም ይችለዋል።

ታብሌት የሚቸገረው ፎቶዎቹ በሚያድሩበት ቦታ ነው። በጥምቀት ሁለት ቀናት 500 ጥሬ ፋይሎች ቢነሱና እያንዳንዱ 30 ሜጋባይት ቢሆን 15 ጊጋባይት ይሆናል። 64 ጊጋባይት ያለው ታብሌት እንዲህ ያሉ ጥቂት በዓላትን ይዞ ይሞላል። ክላውድ ላይ እንጫነው ብንል፣ ኔትወርኩ ሳይቋረጥ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ቢያሳልፍልን እንኳ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል፤ የካርዱ ሒሳብ ሳይነሳ። ላፕቶፕ ላይ ግን ሃርድ ዲስክ ሰክቶ መገልበጥ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ደግሞ መድገም ነው።

ይህን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንኩሳን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ዛሬ የአካባቢው ልጆች የሚያነሱት የሠርግ፣ የአውድማና የገበያ ፎቶ ነገ የአገሩ ማስረጃ የሚሆነው ዋናው ፋይል ከተረፈ ነው። ቢያንስ ሁለት ቦታ መቀመጥ አለበት።

የፕሮግራሙ ነገርም አለ። በታብሌት ላይ ጠንካራ ከሆኑት ማቀናበሪያዎች ብዙዎቹ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ክፍያ የሚጠይቁ ናቸው፤ የብር ካርድ ብቻ ላለው ሰው ይህ የተዘጋ በር ነው። ዳርክቴብል ግን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ፣ ጥሬ ፋይልን ከነደረጃዎቹ የሚከፍት ፕሮግራም ነው፤ የሚሠራውም በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ነው።

ታብሌት የሚበልጥባቸው ነገሮች ደግሞ እውነተኛ ናቸው። አንድ ፊት ብቻ ለይቶ ለማብራት በጣት ወይም በብዕር መቀባትን የሚያህል የለም፤ ማውስ እዚህ ላይ ደንቃራ ነው። መብራት ሲጠፋም ታብሌት ይታገሳል። 20,000 ሚሊአምፒር የሚል ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 30 ዋት-ሰዓት ያላትን የታብሌት ባትሪ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሞላል። ባለ ክብ ቻርጀር አሮጌ ላፕቶፕ ግን 19 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ ከተራ ፓወር ባንክ ምንም አያገኝም። ታብሌት ማራገቢያ ስለሌለውም የበጋውን አቧራ አይስብም።

ላፕቶፕን ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው በስክሪኑ ነው። የስክሪኖች የጋራ መለኪያ የሆነው ኤስአርጂቢ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው፤ ርካሽ የላፕቶፕ ስክሪኖች ግን ከእርሱ 60 በመቶውን ያህል ብቻ ያሳያሉ። የመስከረም አደይ እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ባለፎቶው ቢጫውን ይጨምርበታል፤ ጥሩ ስልክ ያለው ወዳጁ ሲያየው ቀይና አረንጓዴው ቻናል ጣሪያ ነክተው፣ የአበባው ቅጠል መስመር ጠፍቶ፣ ቢጫ ጠብታ ብቻ ቀርቷል። ታብሌት በቀለም ይሻላል፤ ያም ቢሆን ብርሃኑን በራሱ የሚቀያይረውንና ማታ ቀለሙን የሚያሞቀውን ማስተካከያ ማጥፋት ግድ ነው። ስክሪኑን እጅግ አብርቶ የሠራ ሰው ፎቶ ቤት ሲያሳትም ጨለማ ሥዕል ይረከባል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአታሚው አይደለም።

ፍርዴን ልስጥ። በስልክ የሚያነሳ ታብሌት ይግዛ። ካሜራ ይዞ በጥሬ ፋይል የሚያነሳ፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ ቢኖር፣ ለአዲስ ታብሌት የሚያወጣውን ገንዘብ ላገለገለ ደህና ላፕቶፕ ያውለው፤ አይፒኤስ ስክሪን፣ ኤስኤስዲ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም፣ ቢቻል 16፣ በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ የሚደረግ ከተገኘ ደግሞ እርሱን።

ሱቁ ሲሄድ የራሱን ጥሬ ፋይልና አንድ ጄፔግ በፍላሽ ይያዝ። ጄፔጉን እዚያው ከፍቶ ስክሪኑን ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች እያዘነበለ ይመልከተው፤ የኩታው ጥለት ከጠፋ ወይም ፊቱ ሰማያዊ ካዘለ ስክሪኑ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርምና ይተወው። ቀጥሎ ቻርጀሩን ነቅሎ ጥሬውን ፋይል ያስከፍት፤ ያገለገለ ባትሪ ድካሙ የሚገለጠው እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ነው።