ከውስጥ የሚድን ክንፍ

የካርቦን ወይም የመስታወት ፋይበር ጨርቅ ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ ተነክሮ፣ ንብርብር በንብርብር ተደርድሮ ሲጋገር ከብረት የቀለለ ጠንካራ አካል ይሆናል። የቦይንግ 787 ክብደት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ጥምር ቁስ ነው፤ በትግራይ ያሉት የአሸጎዳ የነፋስ ተርባይኖች ክንፎችም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ድክመቱ ያለው በንብርብሮቹ መካከል ነው። ጭነቱን የሚሸከሙት ክሮቹ ሲሆኑ አንዱን ንብርብር ከሌላው ጋር ያያዘው ግን ሙጫው ብቻ ነው። መፍቻ ቢወድቅበት ወይም በረዶ ቢመታው ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል። ቴክኒሻኖች በአልትራሳውንድ ይፈትሹታል፤ ጉዳት ካገኙ ቦታውን ሞርደው ያነሱና አዲስ ንብርብር ለጥፈው በሙቀት ያደርቁታል። አቅልጠው ሊያያይዙት አይችሉም፤ የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ እንደማይፈስስ ሁሉ የደረቀ ኢፖክሲም ዳግም አይቀልጥም። እንዲህ ያለ ጥገና ጊዜ ይወስዳል፤ በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ቆሞ ሳለ እሳት የጎዳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 ወደ በረራ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነበር።

በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄሰን ፓትሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ግን ጥገናውን ከጉዳቱ አስቀድሞ ቁሱ ውስጥ ያኖረዋል። ገና ሲሠራ፣ በሙቀት የሚቀልጥ ፕላስቲክ በስሪዲ ፕሪንተር ጨርቁ ላይ ይታተማል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው የሚግሉ ስስ ንጣፎችም አብረው ይደረደራሉ። ንብርብሮቹ ሲላቀቁ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ስንጥቁን ይሞላል፣ በደቂቃዎች ውስጥም መልሶ ያያይዘዋል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የሙቀቱ ልክ ነው፤ ኢፖክሲው ከሚለሰልስበት በታች ስለሆነ አካሉ እየተጠገነ እንኳ ግትርነቱን አያጣም። ተመራማሪዎቹ በሙከራቸው ቁሱን እየሰነጠቁ 100 ጊዜ ጠግነውታል። ከካርቦኑ ይልቅ በመስታወት ፋይበር የተሠራው ቁስ የተሻለ መዳኑም ታይቷል፤ ምክንያቱ ኬሚካላዊ ነው።

ይህ ለነፋስ ተርባይን ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ክንፍ ሲሰነጠቅ ባለሙያ በገመድ ተንጠልጥሎ ከፍታ ላይ ይሠራል፤ ክንፉ ካልዳነ ደግሞ ኢፖክሲው ስለማይቀልጥ መልሶ ጥቅም ላይ ማዋሉ አስቸጋሪ ነው። በእኔ እምነት ዘዴው ከአውሮፕላን በፊት ሊሞከር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ይሁንና የሚያድነው መላቀቅን ነው። የተበጠሰ ክር በፕላስቲክ አይቀጠልም፤ እሱ አሁንም ሞራጅና አዲስ ጨርቅ ይፈልጋል።