ዳላስ ላይ አዛሊያና ብሉቤሪ ለምትተክሉ

ዳላስና ዙሪያዋ ቤት ያላችሁ ወገኖች ጸደይ በመጣ ቁጥር የምትጠይቁኝ አንድ ነው፤ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ፣ ማዳበሪያም አልረዳውም።» ቅጠሉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ገጹ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ከሆኑ ተክሉ ያጣው ብዙውን ጊዜ ብረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ግን አልካላይን አፈር ውስጥ ስለማይሟሟ ሥሩ ሊስበው አይችልም።

እነዚህ ቁጥቋጦዎች ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ ኮምጣጣ አፈር ይወዳሉ። የዳላስ መረሬ የተኛው ኖራ ድንጋይ ላይ ስለሆነ 8 ይጠጋል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዳማነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል፤ ከ8 ወደ 5 ማውረድ እንግዲህ ሺህ እጥፍ ነው። ጎጃም ወይም ወለጋ ያደገ ሰው የሚያውቀው የዚህን ተቃራኒ ነው። እዚያ ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው ገበሬው ኖራ ይበትናል።

የአትክልት ሱቆች ድኝ ይሸጡላችኋል። ድኝ በእርግጥ ይሠራል፤ የአፈር ባክቴሪያዎች ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ወራት ከሰጣችሁት። ነገር ግን 1 ኪሎ ድኝ የሚያጠፋው 3 ኪሎ ገደማ ኖራ ብቻ ነው። የአንድ ካሬ ሜትር መሬት የላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር ወደ 200 ኪሎ ይመዝናል። 5 በመቶው ኖራ ቢሆን እንኳ 10 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ፒኤቹ በደንብ መውረድ ሳይጀምር ከ3 ኪሎ በላይ ድኝ ያልቃል። ይህን ያህል ድኝ አትግዙ! መጀመሪያ እፍኝ ደረቅ አፈር ላይ አቼቶ አፍስሱ። አረፋ ካወጣ ኖራ አለው፤ መሬቱን ለመለወጥ አትድከሙ።

የቡና አተላም አይፈታውም። አሲዱ በአብዛኛው ከቡናው ጋር ተጠጥቷል፣ በተለይ እንደኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ከፈላ። ኮምፖስት ውስጥ ጨምሩት፣ እዚያ ይጠቅማል።

እኔ የምመክረው መሬቱን ትቶ በላዩ መደብ መሥራት ነው። ፒት ሞስና የደቀቀ የፓይን ቅርፊት እኩል ቀላቅሉ፤ ፒት ሞስ ከደረቀ ውሃ ስለማይቀበል አስቀድማችሁ በደንብ አርጥቡት። ከመሬት በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከምሩት፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አትቅበሩት፤ መረሬው ውሃ ይይዝና ሥሩ ይበሰብሳል። ሥራቸው ጥልቅ ስላልሆነ ይበቃቸዋል። ማዳበሪያው አሞኒየም ሰልፌት ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ። የቧንቧው ውሃ ራሱ አልካላይን ስለሆነ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቅሙ።

ታይለር ሄዳችሁ የምታዩት የአዛሊያ ብዛት አያስቀናችሁ። ከዳላስ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ አፈሩ ግን ፓይን የሚበቅልበት አሸዋማና ኮምጣጣ ነው።

መደቡ በየዓመቱ ይሰምጣል፣ ፒኤቹም ቀስ እያለ ይወጣል። ክረምት ሲያልቅ ለኩት፤ ከ5.5 ካለፈ አዲስ የፓይን ቅርፊት ጎዝጉዙበት፣ ጥቂት ድኝም ጨምሩ። መደቡ ውስጥ ኖራ ስለሌለ እዚህ ጥቂቱ ይሠራል።