የፒካፕ መኪና ኃይል ሲደክም ምክንያቱን ስለ መመርመር



የዘርና የማዳበሪያ ማመላለሻ ወራት አጭር መሆኑ በሁላችሁም ዘንድ የታወቀ ነው። ክረምቱ ገብቶ መንገዱን ሳያበላሸው ሊደርስ የሚገባው ጭነት፣ ፒካፑ ዳገት መውጣት አቅቶት በመንገድ የቀረ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው ማሳውን አርሶና አለስልሶ በሚጠባበቀው ገበሬ ላይ ነው። ይህ በሆነ ጊዜ ለሹሙ የሚቀርብለት ወረቀት ብዙውን ጊዜ «ሞተሩ ደክሟልና ይውረድ» ወይም «ፓምፑ ይለወጥ» የሚል ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ከመፈረሙ አስቀድሞ ምን ሊጠየቅ እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ አስበናል፤ ሞተር ለማውረድ ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ባነሰ ዋጋ የሚድን ድካም ብዙ ነውና።

ለምሳሌ የምንወስደው በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት የሚታየውን፣ በናፍጣ የሚሠራውን ቶዮታ ሂሉክስ ነው። ይህ መኪና መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ ቱርቦ የሌላቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ከተሠሩት ግን ብዙዎቹ ቱርቦ ያላቸውና የነዳጅ አሰጣጣቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው።

አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ መኪናው በእውነት ታሟል ወይስ አልታመመም የሚለው ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩም ከፍታ በጨመረ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ይኸውም በ2,400 ሜትር ገደማ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ያጣል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ በአዋሽ ሜዳ እንደ ልቡ ይሮጥ የነበረው አሮጌ ሂሉክስ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ስፍራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና፣ ቢያለከልክ የሚያስደንቅ አይደለም። ለዚህ ድካም ጋራዥ አያስፈልገውም፤ ጭነቱን መቀነስና ማርሹን ቀድሞ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ነገር ግን ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት አምና በአንድ ማርሽ ይወጣው የነበረ መኪና፣ ዘንድሮ ያንኑ ጭነት ይዞ በዚያው ማርሽ እንቢ ያለ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ በሽታ አለ ማለት ነው።

ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኃይሉ ወደ ጎማው ሳይደርስ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ የሞተሩ ጩኸት እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው፤ የመቃጠል ሽታም ይከተለዋል። በሜዳ ላይ ጥቂት ተጉዞ ከቆመ በኋላ እጅን ወደየቸርኬው ማስጠጋት (መንካት ግን አይገባም) ሌላውን ምክንያት ያሳያል፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ግሎ የተገኘ እንደ ሆነ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል። በጭቃ አገር የእጅ ፍሬኑ ገመድ በደረቀ ጭቃ እየተያዘ ይህን ያደርጋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሞተሩ እንግባ። የመጀመሪያው ምስክር ጢሱ ነው። ጥቁር ጢስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስ፣ ወይ ናፍጣው ሳይቃጠል የሚወጣ፣ ወይም ውሃ የሚገባ መሆኑን ያስረዳል። ጢስ ሳያበዛ ዝም ብሎ የሚደክም ግን አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ያልደረሰው ነው።

ጥቁር ጢስ የታየ እንደ ሆነ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ማጣሪያውን ማውጣት ነው። በውቂያ ወራት በአውድማ አጠገብ የሚመላለስ መኪና እብቅና አቧራ ይስባል፤ ማጣሪያውም በመጽሐፍ ከተወሰነለት ጊዜ እጅግ ቀድሞ ይደፈናል። አቧራውን ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በአየር መንፋት ይቻላል፤ በውሃ ወይም በቤንዚን ማጠብ ግን ወረቀቱን ያበላሸዋል። አንዳንድ ሾፌር ማጣሪያውን አውጥቶ ይጥልና «አሁን ተሻለው» ይላል፤ በእርግጥም ለጊዜው ይሻለዋል፤ ነገር ግን አቧራው የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ሞረድ ይፍቀዋልና በኋላ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ይህን ልማድ ሹሙ በግልጽ ሊከለክል ይገባዋል። ማጣሪያው ንጹሕ ከሆነ፣ ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ቱርቦው አየር የሚገፋበትን የጎማ ቱቦ መፈተሽ ነው፤ የተሰነጠቀ ከሆነ በዳገት ላይ የፉጨት ድምፅ ያሰማል፤ በስንጥቁም ዙሪያ የዘይት እድፍ ይታያል።

የነዳጁን ነገር ጥቂት ዘርዘር አድርገን ልንገልጸው ይገባል፤ በገጠር ወረዳዎች ናፍጣ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በበርሜልና በጀሪካን ነውና። ውሃ ከናፍጣ ይከብዳልና በበርሜሉ ሥር ይተኛል፤ ስለዚህ የመጣው በርሜል ረግቶ ሳያድር አይቀዳ፤ ሲቀዳም ሥሩ አይነካ። የመኪናው የነዳጅ ማጠራቀሚያም በደጋ ብርድ ጎዶሎ ሆኖ ሲያድር በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ውሃ ይሆናል፤ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይሻላል። ሞተሩን አጥፍቶ በናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን መፍሰሻ ጥቂት መፍታትና በላዩ ያለውን የእጅ መግፊያ መጫን፣ ውሃውን ያስወጣል፤ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ መልሶ ማጥበቅ ነው። የነዳጅ ክዳኑ ሲከፈት እንደ መተንፈስ ያለ ብርቱ ድምፅ ካሰማ፣ የአየር ማስገቢያው ተደፍኗል፤ እንዲህ ያለው መኪና ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ተሽሎት ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ ይደክማል።

ኮምፒውተር ባላቸው ላይ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ፣ ሞተሩ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ኃይሉን ቀንሶ ሊሆን ይችላልና፣ ማንኛውም ዕቃ ከመለወጡ በፊት የተመዘገበው ጥፋት በመሣሪያ ይነበብ። በእነዚህ መኪናዎች የናፍጣው ግፊት ከ1,000 ባር ይበልጣል፤ ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ቧንቧውን መፍታት ሰውን ያቆስላል። ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ፓምፕ ይለወጥ ሲባልም፣ በፓምፑ ላይ ያለችው ትንሿ የነዳጅ መመጠኛ ቫልቭ ብቻ የተበላሸች መሆን አለመሆኗ ይጠየቅ፤ እርስዋ ለብቻዋ ትለወጣለች።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ድካሙ ያልተወገደ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ የየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን በመሣሪያ ይለካ። ለጋራዥ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ መኪናው የደከመው በየትኛው ዳገትና በስንተኛ ማርሽ እንደ ሆነ፣ የጢሱ መልክ፣ ማጣሪያዎቹ የተለወጡበት ቀንና ኪሎ ሜትር ይገለጽ፤ የተለወጠውም አሮጌ ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ለዕቃ ግምጃ ቤት ይመለስ።